ማዕረጉን የሰጠው ማን ነው? በማርሻል አርት ስለ ሽልማት፣ ስለ እውቅናና ስለ ትዕቢት የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አሠልጣኞች፣ ዛሬ ቀበቶ የምትቀበሉ ሠልጣኞች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆች፤

በእንዲህ ዓይነቱ ሥነ ሥርዓት ላይ ስለ ሽልማትና ስለ ትዕቢት እንዲናገር የተጋበዘ ሰው ዘወትር ፊቱን ወደ ሠልጣኞቹ አዙሮ ምክር ይጀምራል። ቀበቶ ጨርቅ ነው፣ ሜዳልያ ብረት ነው፣ ትሕትና ከሁሉ ይበልጣል ይላቸዋል። ልጆቹም አንገታቸውን ደፍተው ይሰማሉ። ከዚያ ተናጋሪው በሦስት በአራት የማዕረግ ስም ተጠርቶና ተጨብጭቦለት ተመልሶ ከፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል። ምክሩ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ሁልጊዜ የሚመከረው ከታች ያለው ብቻ በሆነበት ቤት ከላይ ያለውን የሚጠይቀው ሰው ይጠፋል። ስለዚህ ቀበቶ የሚታጠቁትን ልጆች ዛሬ ልተዋቸውና ቀበቶ ስለምናስታጥቀው ስለ እኛ ልናገር።

ሐሳቤን ከመነሻው ላስቀምጠው። በማርሻል አርት ውስጥ ትዕቢት ከተሸላሚው ይልቅ በሸላሚው ዘንድ ሥር ይሰዳል ብዬ አምናለሁ። ማዕረግ የሚሰጥ ሰው ወይም ድርጅት በመስጠቱ የሚያገኘው ጥቅም፣ ወይም በመከልከሉ የሚያስከብረው ሥልጣን ካለው፣ ማዕረጉ የሠልጣኙን ችሎታ መለካቱን ይተውና የሰጪውን ስም መጠበቂያ ይሆናል። ተማሪው ላይ የምናየው ጉራም ብዙውን ጊዜ ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ነው። ይህን የምለው ከታሪኩ ተነሥቼ ነው፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ዛሬ በጁዶውም፣ በካራቴውም፣ በቴኳንዶውም የምንጠቀምበት የዳን ደረጃ፣ ማለትም የጥቁር ቀበቶ እርከን፣ ከጥንት ጀምሮ የነበረ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ዕድሜው ግን ከመቶ ዐርባ ዓመት እምብዛም አይዘልም። ጂጎሮ ካኖ የተባለ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት በ1882 ቶኪዮ ውስጥ ኤይሾጂ በተባለ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ግቢ ኮዶካን የተባለውን የጁዶ ትምህርት ቤት ከፈተ። በዓመቱም ሁለቱን ተማሪዎቹን፣ ቶሚታን እና ሳይጎን፣ የመጀመሪያ ዳን ብሎ ሰየማቸው። ሐሳቡን የተዋሰው ጎ ከተባለው የጃፓን የሰሌዳ ጨዋታ ነው፤ የጎ ተጫዋቾች እርስ በርሳቸው በዳን ይለያዩ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት የጁጁትሱ ቤቶች ሠልጣኝ የሚቀበለው በጥቅልል ወረቀት የተጻፈ ፈቃድ ሲሆን፣ በአንዱ ፈቃድና በሚቀጥለው መካከል ብዙ ዓመታት ያልፉ ነበር። ካኖ በሙያው መምህር ነበር፤ በኋላም የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ለብዙ ዘመን መርቷል። ተማሪ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ የሚያይበት ምልክት ከሌለው እንደሚሰለች በመምህርነቱ ያውቃል። ጥቁር ቀበቶም ከዳን ባለቤቶች ወገብ ላይ መታየት የጀመረው በዚያው በ1880ዎቹ ነው። ስለዚህ ማዕረግ ገና ሲወለድ የማስተማሪያ መሣሪያ ነበር። አንድ ነገር ግን አብሮ ይታወስ፤ ካኖ ለሌሎች ዳን ሲሰጥ ኖረ እንጂ ለእርሱ ዳን የሚሰጠው ማንም አልነበረም። በማርሻል አርት የማዕረግ ታሪክ ውስጥ ሰጪውን የሚፈትን ሰው የሚቀመጥበት ወንበር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ባዶ ነው ማለት ነው።

ካራቴ ይህን ሥርዓት የተቀበለው እውቅና ፈልጎ ነው። ጊቺን ፉናኮሺ ከኦኪናዋ ተነሥቶ በ1922 ቶኪዮ ላይ ካራቴን ሲያሳይ ጥበቡ በዋናው የጃፓን ደሴት ገና እንግዳ ነበር። በ1924 ለመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቹ ዳን ሲሰጥ ካራቴ ከጁዶና ከጃፓኑ የሰይፍ ጥበብ ከኬንዶ እኩል እንዲቆጠር የሚያደርግ እርምጃ ወሰደ። ይህ ነውር አይደለም። አዲስ የመጣ ጥበብ፣ ከዳር የመጣ ሰው፣ እውቅና መፈለጉ ተገቢ ነው። የቀለም ቀበቶዎችም የተስፋፉት በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ለንደንና ፓሪስ ውስጥ ነው፤ በተለይ ሚኪኖሱኬ ካዋይሺ በፓሪስ ሲያስተምር ነጭና ጥቁር ብቻ በቂ ሆነው ስላላገኛቸው ቢጫውን፣ ብርቱካናማውን፣ አረንጓዴውን፣ ሰማያዊውን በየደረጃው አደረገ። ተማሪዎቹ ወደፊት መራመዳቸውን በዓይናቸው እያዩ ቆዩለት። የቀለም ቀበቶ የንግድ ፈጠራ ነው እያሉ የሚያጣጥሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ጋር አልስማማም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጥቁር ቀበቶን እያሰበ አምስት ዓመት እንዲጠብቅ መጠየቅ ልጅን አለማወቅ ነው። ችግሩ የመጣው ቀለሙ ሲበዛ አይደለም፤ ቀለሙን የሚሰጠው ሰው በየቀለሙ ገንዘብ መቀበል ሲጀምር ነው።

ይህን ጉዳይ ከማንም ቀድሞ ያሰበበት ቤት በአገራችን አለ፤ የአብነት ትምህርት ቤት ነው። ድጓ የተማረ ሰው መምህሩ «በቃህ» ስላለው ብቻ የድጓ መምህር አይባልም። ወደ ጋይንት፣ ወደ ቤተልሔም ሄዶ፣ እዚያ ባሉት መምህራን ፊት ቀርቦ ማስመስከር አለበት። ዝማሬ መዋሥዕት የተማረውም ወደ ዙር አባ ይሄዳል። ያስተማረውና የሚመሰክረው ሰው የተለያዩ ናቸው። የቤተልሔሙ መምህር ከሩቅ በመጣው ተማሪ መውደቅ የሚያጣው የወር ክፍያ የለም፤ በማለፉም የሚጨመርለት ስም የለም፤ ስለዚህ ጆሮውን ለዜማው ብቻ መስጠት ይችላል። እንግዲህ ይህን በአእምሯችሁ ያዙልኝና ወደ እኛ ቤት እንመለስ።

በቴኳንዶ የዓለም አቀፍ ዳን ምስክር ወረቀት የሚሰጠው ሴኡል የሚገኘው ኩኪዎን፣ በ1972 የተከፈተው፣ ለእያንዳንዱ ደረጃ የመቆያ ጊዜ ደንግጓል። ከ1ኛ ወደ 2ኛ ዳን አንድ ዓመት፣ ከ2ኛ ወደ 3ኛ ሁለት ዓመት እያለ እየረዘመ ሄዶ፣ ከ7ኛ ወደ 8ኛ ስምንት፣ ከ8ኛ ወደ 9ኛ ዘጠኝ ዓመት ይሆናል። ሲደመር አንድ ሰው በየፈተናው ሳይወድቅ ቢሄድ እንኳ ከመጀመሪያው ዳን እስከ ዘጠነኛው ለመድረስ ቢያንስ 38 ዓመት ያስፈልገዋል። ይህ የሚያስከብር ሥርዓት ነው፤ ጎልማሳ ሆኖ የጀመረ ሰው ሽማግሌ ሆኖ ነው የሚጨርሰው። ነገር ግን ይኸው ኩኪዎን በ2021 የክብር 9ኛ ዳን ይዞ ወደ ፍሎሪዳ በመሄድ ለዶናልድ ትራምፕ በመኖሪያ ቤታቸው ሰጠ። ከዚያ በፊትም በ2013 ቭላዲሚር ፑቲን የደቡብ ኮሪያን ዋና ከተማ ሲጎበኙ ወርልድ ቴኳንዶ የተባለው የዓለም ፌዴሬሽን የክብር 9ኛ ዳን ሰጥቷቸው ነበር። ወርልድ ቴኳንዶ በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች በቀናት ውስጥ ያን ማዕረግ መሰረዙን አስታወቀ።

እዚህ ላይ ማንም ሰው ፕሬዚዳንቶቹን ተራገጡ ብሎ ሜዳ ላይ አያወጣቸውም፤ የክብር መሆኑ ይታወቃል። ፑቲን ደግሞ ቢያንስ በጁዶ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሠለጠኑ ሰው ናቸው። ልትመለከቱልኝ የምፈልገው ግን ክብሩ ወደ ማን እንደሄደ ነው። ፎቶግራፉ ላይ በተሸላሚው አጠገብ ቆሞ ፈገግ የሚለው ሸላሚው ነው፤ ሥዕሉ በዓለም ሲሰራጭ ስሙ የሚታወቀውም የሸላሚው ድርጅት ነው። የማዕረጉ ዋጋ ደግሞ በፖለቲካ ነፋስ መቀየሩ፣ የተሰጠው በሥልጣን ምክንያት እንደነበር ሰጪዎቹ ራሳቸው መመስከራቸው ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት የለፋ አንድ አዛውንት የሴኡል አሠልጣኝ ይህን ዜና ሲሰማ ምን እንደተሰማው መገመት ለእናንተ አያስቸግርም።

እስካሁን የተናገርኩት አለቅጥ ስለመስጠት ነው። የበለጠ የሚያሳዝነኝ ግን የመከልከሉ ታሪክ ነው፤ ስለዚህ በእርሱ ላይ ጥቂት ልቆይ።

ኬይኮ ፉኩዳ በ1913 ቶኪዮ ውስጥ ተወለደች። አያቷ ካኖን ጁጁትሱ ካስተማሩት መምህራን አንዱ ስለነበሩ፣ ካኖ ራሱ የልጅ ልጃቸውን ወደ ኮዶካን የሴቶች ክፍል ጋበዛት፤ በ1935 ሥልጠና ጀመረች። ቁመቷ አንድ ሜትር ተኩል የማይሞላ ሴት ነበረች። ጁዶ ለማስተማር ትዳር አልያዘችም። በኋላም ወደ አሜሪካ ተሻግራ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ አስተማረች። ነገር ግን ኮዶካን ሴቶች ከ5ኛ ዳን በላይ እንዲወጡ አይፈቅድም ነበር። ፉኩዳ በ1953 5ኛ ዳን አገኘች፤ 6ኛውን ያገኘችው ደንቡ ተሽሮ በ1972 ነው። በመካከሉ ባሉት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመታት ጀማሪ ሆነው ያስተማረቻቸው ወንዶች ሊበልጧት ይችሉ ነበር። ኮዶካን 9ኛ ዳን የሰጣት በ2006 ሲሆን፣ 10ኛውን በ2011 የሰጣት የአሜሪካ የጁዶ ድርጅት ነው፤ የዚያን ጊዜ ዕድሜዋ 98 ነበር። በ2013 በ99 ዓመቷ አረፈች። እርሷ ይህን ሁሉ ዘመን የደረጃ ልመና ደብዳቤ እየጻፈች ሳይሆን እያስተማረች አሳለፈች፤ ይህም ለትሕትናዋ ምስክር ተብሎ ብዙ ጊዜ ይወራል። እኔ ግን ወሬው ሳይጎረብጠኝ አይቀርም። የተከለከለን ሰው ትሕትና እያደነቁ ከልካዩን ዝም ማለት ነገሩን መገልበጥ ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ ትዕቢት ነበረ፤ ቦታው ግን ፉኩዳ ልብ ውስጥ አልነበረም።

ከእርሷ ጋር የሚዛመድ ሌላ ታሪክ አለ። በ1959 በኒው ዮርክ ግዛት በተካሄደ የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር የጁዶ ውድድር ላይ ረስቲ በሚል ስም የምትታወቅ አንዲት ሴት ፀጉሯን አሳጥራ፣ ደረቷን አስራ፣ ከወንዶቹ ጋር ተሰለፈች። የቡድን ጓደኛዋ ስለተጎዳ በእርሱ ምትክ ገብታ ተጋጣሚዋን ጣለች፤ ቡድኗም አሸነፈ። ሜዳልያው ከታደለ በኋላ አዘጋጁ ለብቻዋ ጠርቶ ሴት መሆኗን ጠየቃት፤ እርሷም አልካደችም፤ ሜዳልያውን መለሰች። ይህች ሴት ረስቲ ካኖኮጊ ናት። በ1980 የመጀመሪያውን የሴቶች የዓለም የጁዶ ሻምፒዮና ኒው ዮርክ በሚገኘው ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ያዘጋጀችው እርሷ ናት። የሴቶች ጁዶ በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ በማሳያነት፣ በ1992 በባርሴሎና ደግሞ በሙሉ ተወዳዳሪነት ሲገባም ከገፉት ሰዎች ቀዳሚዋ ነበረች። ያ ማኅበር በ2009 ክረምት፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ የወርቅ ሜዳልያ አጠለቀላት፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አረፈች። ለእርሷ ሜዳልያ ብረት ብቻ ነው ብሎ መስበክ የሚደፍር ካለ እስኪ ይምጣ። ሽልማት ከንቱ ነው የሚለው ንግግር ሁልጊዜ ደስ የሚለው ሽልማት በመደርደሪያው ለሞላ ሰው ነው።

ሰጪዎች እርስ በርሳቸው ሲጣሉም ማዕረግ ይባዛል። ቴኳንዶ ይህን ስሙን በ1955 አገኘ፤ ስሙን ያወጡት ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ በ1966 ሴኡል ላይ ዓለም አቀፉን የቴኳንዶ ፌዴሬሽን፣ በምኅጻሩ አይ ቲ ኤፍን፣ መሠረቱ። ከደቡብ ኮሪያ መንግሥት ጋር ተጣልተው በ1972 ወደ ካናዳ ሲሄዱ፣ በማግስቱ ዓመት ሌላው ፌዴሬሽን፣ ዛሬ ወርልድ ቴኳንዶ የሚባለው፣ በኪም ኡን ዮንግ መሪነት ተቋቋመ። ኪም ቴኳንዶን ለኦሊምፒክ ያበቁ ሰው ናቸው፤ በ2000 ሲድኒ ላይ በይፋ የሜዳልያ ስፖርት ሆኗል። በ2004 ደግሞ በገንዘብ ምዝበራ ተፈርዶባቸዋል። ጄኔራሉ በ2002 ሲሞቱ አይ ቲ ኤፍ ሦስት ቦታ ተከፈለ፤ ሦስቱም እኔ ነኝ ትክክለኛው ይላሉ። የእኛም አገር ቴኳንዶ ይህን መከፋፈል ከነጭቅጭቁ ወርሶታል። አንድ ድርጅት ሲከፈል በየክፋዩ አዲስ ሊቀ መንበር፣ አዲስ የቴክኒክ ኃላፊ፣ አዲስ ማኅተም ያስፈልጋል። ከፍ ያለ ዳን ያለው ሰው የሌለበት ክፋይ ደግሞ ተቀባይነት አያገኝምና ዳኑ ቶሎ ቶሎ ይሰጣል። በመለያየት የተገኘ ዳን ሁሉ ሐሰት ነው አልልም፤ በሁሉም ወገን ላባቸውን ያፈሰሱ ሰዎች አሉ። ነገር ግን ማዕረግ የቡድን ማጠናከሪያ ስንቅ ሲሆን የሚከሰተው ይህ ነው።

በተቃራኒው መንገድ የሄደ አንድ ድርጅት ላንሳ። የመላው ጃፓን ኬንዶ ፌዴሬሽን በ2000 9ኛና 10ኛ ዳን መስጠት አቆመ። ስለዚህ ዛሬ የኬንዶ ጫፍ 8ኛ ዳን ነው። ለእርሱ ለመፈተን ዕድሜ ቢያንስ 46 መሆን አለበት፤ 7ኛ ዳን ካገኙም ዐሥር ዓመት መሙላት ይጠበቃል፤ ከተፈታኞቹም የሚያልፈው ከመቶ አንድ ገደማ ነው። የፌዴሬሽኑ መሪዎች ጣራውን ዝቅ ሲያደርጉ በመጀመሪያ የቀነሱት የራሳቸውን ቁመት ነው፤ 9ኛና 10ኛ ዳን ለማግኘት ተራ የሚጠብቁት እነርሱ ነበሩና። ለሌላው የሚሰጠውን ሳይሆን ለራሱ የሚወስደውን የቀነሰ ሸላሚ በዚህ ዓለም ብዙ አላውቅም።

ኬንዶ በሜዳም ላይ ያን ያህል ጥብቅ ነው። ነጥብ ያገኘ ተጋጣሚ ደስታውን በጭፈራ ወይም እጁን በማወናጨፍ ከገለጸ ዳኞቹ ነጥቡን ሊሰርዙት ይችላሉ። ምታቱ ከተሳካ በኋላም ቢሆን ዓይኑና ሐሳቡ ተጋጣሚው ላይ መቆየት አለበት ተብሎ ስለሚታመን፣ ፊቱን ወደ ተመልካች ያዞረ ሰው ምታቱን አልጨረሰም ይባላል። ፉከራና ቀረርቶ ባለበት አገር ላደግን ለእኛ ይህ ሕግ መጀመሪያ ሲሰማ ጨካኝ ሊመስለን ይችላል። ፉከራን አላጥላላም፤ ጀግናው የዋለበትን ቦታና የሠራውን ሥራ በአብረውት በነበሩት ሰዎች ፊት የሚናገርበት ጥበብ ነው። ሰሚው አብሮ የዋለ ሰው ስለሆነ መዋሸት ያሳፍራል። የዛሬው የማኅበራዊ ድረ ገጽ ጉራ ከዚያ የሚለየው አብሮ የዋለ ሰሚ ስለሌለው ነው።

የሱሞ አለቆች ደግሞ በ2009 ታላቁ ተጋዳይ አሳሾሪዩ ሻምፒዮናውን ሲያሸንፍ ሁለት እጁን ወደ ላይ ስላነሳ ወቅሰውታል፤ ሰውየው በአጠቃላይ 25 ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ወቀሳ ለእኔ ትንሽ በዝቶብኛል። የሞንጎሊያ ልጅ በሰው አገር ያን ያህል አሸንፎ እጁን ቢያነሳ ምን አለበት? ክብር ጥበቃ አንዳንድ ጊዜ የባዕድን ሰው ማሳነሻ ይሆናል፤ ይህም የሸላሚው ትዕቢት ሌላ ፊት ነው።

ከአሸናፊዎች ሁሉ ሁልጊዜ የማስታውሰው አንቶን ጊሲንክን ነው። በ1964 ቶኪዮ ኦሊምፒክ ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ለእርሱ ተብሎ ኒፖን ቡዶካን የተባለው አዳራሽ ተሠርቶ ነበር። ጃፓን ከአራቱ ምድቦች ሦስቱን ወስዳለች፤ የቀረው የክብደት ገደብ የሌለው ምድብ ነው። በፍጻሜው ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋው ሆላንዳዊ ጊሲንክ ከአኪዮ ካሚናጋ ጋር ተገናኘ። ዘጠኝ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ጊሲንክ ካሚናጋን መሬት ላይ በጀርባው አጋድሞ ያዘው፤ ካሚናጋ ሊነሳ አልቻለም፤ ለማሸነፍ የሚበቃው የመያዣ ጊዜ ሞላ። ሆላንዳውያን ደጋፊዎች በደስታ ከነጫማቸው ወደ ምንጣፉ ሲሮጡ ጊሲንክ ገና ከመሬት እየተነሳ እጁን ዘርግቶ እንዲቆሙ አደረጋቸው። ከዚያ ልብሱን አስተካክሎ ለተጋጣሚው ሰገደ። በዚያ አዳራሽ የነበሩ ጃፓናውያን ከሽንፈታቸው ይልቅ ያቺን የተዘረጋች እጅ ሲያወሩ ኖረዋል። ይህን ስናደንቅ ግን ሰውየውን ቅዱስ አናድርገው። ጊሲንክ በኋላ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆኖ፣ የሶልት ሌክ ከተማ የኦሊምፒክ አዘጋጅነት ምርጫ ቅሌት ሲጋለጥ በ1999 ማስጠንቀቂያ ከተሰጣቸው አባላት አንዱ ነበር። በተወዳዳሪነቱ እጁን ዘርግቶ ደጋፊ የመለሰው ሰው፣ በሸላሚነት ወንበር ላይ ሲቀመጥ ተፈተነ። ከዚህ የበለጠ የማቀርበው ማስረጃ የለኝም።

ከዚህ በኋላ ወደ ራሳችን ልምጣ። ውድድር ለሠልጣኝ የሚጠቅመው አንደኛው ምክንያት ተጋጣሚው በአንተ ማለፍ ምንም ጥቅም የሌለው ፈታኝ በመሆኑ ነው። ሰሎሞን ቱፋ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በቴኳንዶ በ58 ኪሎ ግራም ኢትዮጵያን ወክሎ ሲቆም፣ የምስክር ወረቀቱን የፈረመለት ማን እንደሆነ በዚያ ሜዳ ላይ የሚጠይቅ አልነበረም። ከሜዳ ውጭ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በከተሞቻችን ወደሚገኙ ማሠልጠኛዎች ስትገቡ ግድግዳውን ተመልከቱ። ከሁሉ የሚተልቀው ፍሬም የወርቅ ቀለም ማኅተም ያለበት፣ ከውጭ አገር የመጣ የዝነኞች መዝገብ የምስክር ወረቀት ይሆናል። እንዲህ ያለው ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፎቶግራፍና የሕይወት ታሪክ በኢሜይል ተልኮ፣ የመመዝገቢያ ወይም የእራት ግብዣ ዋጋ ተከፍሎ ነው፤ ሲራገጥ ያየው ሰው የለም። አሠልጣኙ በወጣትነቱ ያገኘው፣ ጠርዙ የተበላ፣ የመጀመሪያ መምህሩ በእስክሪብቶ የፈረሙበት ወረቀት ደግሞ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። እኔ ብሆን ቦታቸውን አለዋውጣቸው ነበር።

ከዚያ ወደ ቀበቶ ፈተናው ግቡ። ልጆቹ በረድፍ ተሰልፈዋል፤ የአንዷ ቢጫ ቀበቶ ከጉልበቷ በታች ወርዷል። ፓተርን፣ ማለትም በቅደም ተከተል የሚሠራውን የእንቅስቃሴ ድርድር፣ ስትሠራ አራተኛው እርምጃ ላይ ተሳስታ ወደ ግራ ዞረች፤ ጎረቤቷን ሰርቃ አየችና ተመለሰች። እናቷ በስልክ እየቀረጸች ነው። ፈታኞቹ ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም የዚያው ክለብ አሠልጣኞች። የፈተናው ክፍያ አስቀድሞ ተከፍሏል፤ አዲሶቹ ቀበቶዎችም ተገዝተው ጠረጴዛው ላይ በልጆቹ ቁጥር ልክ ተደርድረዋል። ፈተናው ሳይጀመር ውጤቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ያቺ ልጅ ማለፍ የለባትም እያልኩ አይደለም፤ ተሳስታ መመለሷ ራሱ ጥሩ ምልክት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ብትወድቅ ኖሮ የትኛው ፈታኝ ሊናገር ይችል ነበር? ማንም ወድቆ በማያውቅበት ፈተና ያለፈ ልጅ ስለ ራሱ ያወቀው ነገር የለም፤ ያወቀው ስለ ክለቡ ነው።

ስለዚህ ለእናንተ ለአሠልጣኞች የማቀርበው ሐሳብ አንድ ዋና ነገርና ጥቂት ተከታዮች አሉት። ዋናው፣ ከጥቁሩ በፊት ካለው ከቀይ ቀበቶ ጀምሮ ያለውን ፈተና የራሳችን ሰው አይፈትን። ሁለት ሦስት ክለቦች፣ ቢቻል ከሁለቱም ፌዴሬሽን ወገን የሆኑ፣ ፈታኝ ይለዋወጡ። የስታይል ልዩነት አለ ትሉኛላችሁ፤ አለ። ነገር ግን ሚዛኑን የጠበቀና ሚዛኑን ያጣ ርግጫን ለመለየት የአንድ ፌዴሬሽን አባል መሆን አያስፈልግም። ፓተርኑን ከራሳችን አንድ ሰው፣ ስፓሪንጉን (ግጥሚያውን)፣ ብሬኪንጉን (ሰሌዳ መስበሩን) እና ሥነ ምግባሩን ከውጭ የመጡት ይመልከቱ። ከፈታኞቹ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን፤ የፉኩዳን ታሪክ ያወራሁት ለማሳዘን ብቻ አይደለም፣ በክለቦቻችን ከሠልጣኞቹ ብዙዎቹ ሴቶች ሆነው ሳለ የፈታኞች ወንበር ላይ ግን እምብዛም አይታዩም። ክፍያው ቢያልፍም ቢወድቅም አንድ ዓይነት ይሁን፤ ለፈታኙ ከመጓጓዣ በላይ አይድረስ፤ ቀበቶውም ከውጤቱ በኋላ ይገዛ። የወደቀ ልጅ ለምን እንደወደቀ በጽሑፍ ይሰጠው፤ ሳይከፍልም ደግሞ ይፈተን።

ስለ ማዕረግ ስሞችም እንዲሁ። በአይ ቲ ኤፍ ሥርዓት እስከ 3ኛ ዳን ያለው ረዳት አሠልጣኝ፣ ከ4ኛ እስከ 6ኛ ያለው አሠልጣኝ ነው፤ ማስተር የሚባለው 7ኛና 8ኛ፣ ግራንድ ማስተር የሚባለው 9ኛ ዳን ብቻ ነው። ይህ የተጻፈ ነው፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሆኖም 4ኛ ዳን ሆኖ በፖስተር ላይ ማስተር፣ በልጆች አፍ ግራንድ ማስተር የሚባል ሰው መኖሩንም ሁላችንም እናውቃለን። ልጆቹ የሚሉት እኛ ስላስተማርናቸው ነው። ማኅበራችን በየዓመቱ የአሠልጣኞችን ስም፣ ዳናቸውን፣ ዳኑ የተሰጠበትን ዓመትና የሰጪውን ድርጅት ዘርዝሮ ቢያወጣ ግማሹ ግርግር በዚያው ይቆማል። ዝርዝሩ ሲወጣ የሚከፋቸው ሰዎች ይኖራሉ፤ ምናልባት እኔንም ጭምር የሚያስተካክለው ነገር ይገኝበት ይሆናል።

የሚቀርብብኝን መቃወሚያ አውቀዋለሁ። ፈተናው ከከበደ ልጆች ይወጣሉ፤ ልጆች ከወጡ የቤት ኪራይ አይከፈልም፤ አጠገባችን ያለው ክለብ ደግሞ በስድስት ወር ቀበቶ እየሰጠ ይወስዳቸዋል። ይህ እውነት ነው፤ ለአሠልጣኞች ኑሮ ደንታ የሌለው ሰው ብቻ ነው የሚያቃልለው። ለዚህም ነው ሐሳቡን ለአንድ ክለብ ሳይሆን በዚህ አዳራሽ ለተሰበሰባችሁ ክለቦች ሁሉ ያቀረብኩት፤ አንዱ ብቻውን ቢጀምረው ይጎዳል፣ አብራችሁ ብትጀምሩት ግን ልጁ የሚሄድበት ቀላል በር አይኖርም። ወላጆችም ብታግዙ ጥሩ ነው። ልጃችሁን ከማስመዝገባችሁ በፊት አሠልጣኙን ስንት ሜዳልያ እንዳለው ከመጠየቅ ይልቅ ባለፈው ዓመት ፈተና ስንት ልጅ እንደወደቀና ፈታኞቹ ከየት እንደመጡ ጠይቁት። የመጀመሪያው የጋራ ፈተና ቀን በዛሬው ስብሰባ ሊወሰን ይችላል፤ የየክለቡ ተወካዮች ከሻይ በኋላ በዚሁ አዳራሽ እንድትቀሩ እጠይቃለሁ።